የአንገትህ ልክ ስንት ሆነ?

ታኅሣሥ 6

ለማከብርሽና ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ዓይንሽስ? ያቺ ስትረግጫት የምትጮኸው የስፌት መኪናሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ዓመቱ ዞሮ የሸሚዜ ጊዜ ደረሰ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን የመኪናዋ ጩኸት ጆሮሽን ከበላው ወዲህ እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ «እሺ፣ እሺ» ትያለሽ፣ የተግባባነው ነገር የለም። ደብዳቤ ይሻለናል።

ልኬን የወሰደልኝ ብሎን ነው። ብሎን የሥራ ጓደኛዬ ነው። ሊፍት ጠግነን በጨረስን ቁጥር ኪሱ ውስጥ የተረፈ ብሎን ስለማይጠፋ ያወጣንለት ስም ነው። እስካሁን የወደቀ ሊፍት የለም፣ አትስጊ። ልኩ ይኸውልሽ፦ አንገት 43፣ ደረት 94፣ ወገብ 76፣ እጅጌ 62። አንገቱን ሰፋ አድርጊው፤ ያምናው ሸሚዝ የላይኛው ቁልፍ አልቆለፍ ብሎኛል።

ሥራ በዝቷል። የሆስፒታሉ አራት ሊፍቶች አርጅተው በየቀኑ እነሱ ጋ ነው የምውለው። የምትፈልጊውን ጻፊልኝ። ያው መርፌ እንደምትዪ አውቃለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ቀጮ

*

ታኅሣሥ 24

ለወንድሜ ለቀጮ፣

ሰላምታዬ ከእግር ጥፍርህ እስከ ራስ ፀጉርህ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። መኪናዋም ደህና ናት። መርፌ አልፈልግም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የልክ ደብተሬን አወጣሁ። አገር ለቀህ ከሄድክ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንተን ልክ የምጽፈው በአንድ ገጽ ላይ ነው። አምና አንገት 39፣ ወገብ 84። ካቻምናም ያው ነው፤ ወገብህ በአንድ ይበልጥ ነበር። ዘንድሮ አንገትህ አራት ጨምሮ ወገብህ ስምንት ቀነሰ!

ስማኝ ቀጮ። እኔ አርባ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። ሰው ሲወፍር ከሆዱ ይጀምራል፣ አንገቱ ኋላ ይከተላል። ሲከሳም ሁሉም አብሮ ይከሳል። ወገቡ እየከሳ አንገቱ የወፈረ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው። የመንደራችን የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ለልጁ ሠርግ ኮት ሊያሰፋ መጣ። ኮቱን ሳይለብሰው ቀረ።

ብሎን መለካት አያውቅም በለኝ። እንዲያ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ወደ እሱ አዞረዋለሁ። ካልሆነ ግን እውነቱን ጻፍ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጨርቁን ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ ቀጭን ነጭ መስመር አለው። እውነቱ እስኪደርሰኝ ግን መቀስ አላነሣም።

ክፉ አይንካህ።
እህትህ

*

ጥር 12

ለውድ እታለም፣

ጤና ይስጥልኝ። ብሎን መለካት ያውቃል።

እንዴት ልጀምር? ዶክተሮቹን ለመዋሸት ያልደፈርኩትን አንቺን ልዋሽ አሰብኩ፤ ልኬን ራሴ ጽፌ እየላኩልሽ! አእምሮዬ የት ሄዶ ነው? ልኬን ከዶክተር ይልቅ አንቺ እንደምታነቢው ረሳሁት።

ሊምፎማ ይባላል። የዕጢ ካንሰር ነው። ዓመት ተኩል ሆነኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ለእኔ ስትጨነቂ ነው የኖርሽው፤ አንድ ጊዜ እንኳ እፎይ ትበል ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ይቅር በይኝ።

መጀመሪያ ኬሞ የሚሉትን ኃይለኛ የካንሰር መድኃኒት ሰጡኝ። በሽታው ሄደ፤ በስድስት ወሩ ተመለሰ። ሌላ ኬሞ ሰጡኝ፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የራሴን የመከላከያ ሴሎች ከደሜ ለይተው አወጡ፣ በላብራቶሪ በሽታውን እንዲያውቁት አድርገው መለሱልኝ። ባንቺ አነጋገር በልኬ የተሰፋ ነበር። በመጀመሪያው ወር ዕጢው ጠፋ ተባለ። ብሎን ደስ ብሎት የሥራ ቦታውን ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ። በሦስተኛው ወር አንገቴ ላይ ተመለሰ። ዶክተሯ እንደነገረችኝ ሴሎቼ በዚያ ሁሉ ኬሞ ደክመዋል። ጨርቁ ካለቀ ስፌቱ ቢያምር ምን ይሆናል?

አሁን የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። ገና ሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ነው። ሴሎቹ የእኔ አይደሉም፤ ከጤነኛ ለጋሽ፣ ከማላውቀው ሰው የተወሰዱ ናቸው። ሁለት ነገር ይደረግባቸዋል። አንደኛ፣ በሽታውን የሚለዩበት ነገር ይገጠምላቸዋል። ሁለተኛ፣ የእኔን ገላ ባዕድ ነው ብለው እንዳይነክሱ፣ ያንን የሚያደርገው ነገር ተቆርጦ ይወጣላቸዋል። ከዚያ በረዶ ሆነው ይቀመጣሉ፣ የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ ይሰጡታል። ዝግጁ ልብስ በይው።

«ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኳት። «የሠራላቸው አሉ፣ ያልሠራላቸውም አሉ» አለች። «ባልሞክረውስ?» አልኳት። ወረቀቶቿን ሰብስባ አስተካከለች። ጥያቄ ሳትመልስ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው። አታልቅሺ ብልሽም አትሰሚኝም፤ አልቅሰሽ ስታበቂ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ጥር 27

ለወንድሜ፣

አልቅሼ ጨረስኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ደንበኞቼ ዓይኔን አይተው «ምነው?» ሲሉኝ የካውያ እንፋሎት ነው አልኳቸው።

አሁን ልቆጣህ ነው። ዝግጁ ልብስ? ለእኔ ነው ዝግጁ ልብስ የምትለው? ከሱቄ ፊት ለፊት ያለውን ባለ ዝግጁውን አታውቀውም? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደንበኛ የወሰደብኝን? ለአንዱ ትከሻው ይሰፋል፣ ለሌላው እጅጌው ያጥራል። የማንም ያልሆነ ልብስ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። አሁን አንተ ሞትና ሕይወት ላይ ሆነህ የማንም ያልሆነ ነገር ሊያስገቡብህ?

እኔ እያለሁ! የአንድ እናት ጡት ጠብተን፣ በእኔ ጀርባ ታዝለህ ያደግክ! ደብዳቤህ በደረሰ በማግስቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ለላብራቶሪው ሰውዬ እጄን ዘርግቼ «ቅዳልኝ፣ በረዶ ሣጥን ውስጥ አሽግልኝ፣ ነገ ወደ ወንድሜ አገር የሚሄድ ሰው አለኝ» አልኩት። ሰውዬው መጀመሪያ ሣቀ፣ ከዚያ ፊቴን አየና ሣቁን ተወ። ወንበር ሰጥቶኝ «እትዬ፣ በዚህ መንገድ አይሆንም» አለኝ። እኔ ግን ሣጥኑን ገዝቼ ነበር የሄድኩት። እስካሁን ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ አድርጌበታለሁ።

የምጠይቅህ ነገር መርፌ አይደለም። ለዶክተርህ ንገራት፦ እህት አለችኝ፣ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ጤነኛ ናት፣ ከሚፈለገው በላይ ትሰጣለች በላት። የአውሮፕላኑን ዋጋ እኔ እችለዋለሁ። መልሷን በአስቸኳይ ጻፍልኝ።

የእኔን ዕድሜ ይጨምርልህ።
እህትህ

*

የካቲት 14

ለምወድሽ እታለም፣

ደብዳቤሽን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በረዶ ሣጥኑ ጋ ስደርስ ሣቄ አመለጠኝ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ውሃ ገዝተው ሰጡኝ።

ዶክተሯን ጠየቅኳት። ቃሏን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «እህትህ መስጠት መፈለጓን ንገራት፣ አመሰግናታለሁ። ግን ከእሷ ወስደን ብናዘጋጅ ሳምንታት ይፈጃል። አንተ እነዚያ ሳምንታት የሉህም። ለዚህ ሕክምና የምንወስደው ደግሞ ከወጣት ለጋሾች ነው። ያንተ ተዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ አለ።»

እንደምትቀየሚ አውቃለሁ። ግን እታለም፣ ያንቺን ንቄ የባዳ መርጬ አይደለም። ያ ሰው እኔ መታመሜን ሳያውቅ፣ ምናልባት እኔ ራሴ ሳላውቅ፣ ሄዶ እጁን ዘርግቷል። ቀድሞ ደርሶልኛል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

መጋቢት 23 እገባለሁ። ከዚያ በፊት ምርቃትሽ ይድረሰኝ። ሌላ የምለምንሽ የለም።

ቀጮ

*

መጋቢት 22

ለእታለም፣

አምስት ሳምንት ሆነ፣ ደብዳቤሽ አልመጣም። ፖስታ ቤቱን ልውቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ጸሐፊዋ አሁን በስሜ ትጠራኛለች።

ነገ ጠዋት እገባለሁ። አልጋዬ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ግድግዳው የሦስተኛው ሊፍት ማለፊያ ነው። ዘጠኝ ዓመት የጠገንኩትን ሊፍት አሁን እኔው ልሳፈርበት ነው። ብሎን «ከፈራህ በደረጃ ውጣ» ይለኛል።

ነርሷ አስቀድማ ነገረችኝ፦ ሴሎቹ ከገቡ በኋላ አንዳንድ ሰው አእምሮው ይደናገራል። ስለዚህ በየጠዋቱ ቀኑን ይጠይቁኛል፣ ከመቶ ወደ ኋላ ያስቆጥሩኛል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በእጄ ያስጽፉኛል። ሁልጊዜ ያው ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት፣ የእጅ ጽሑፌ ከተበላሸ ቶሎ ያውቁታል። የፈለግከውን ምረጥ አለችኝ። ይህን መረጥኩ፦ «እታለም ሸሚዝ እየሰፋችልኝ ነው።»

እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። አንቺ ነሽ የምታውቂው።

ወንድምሽ

*

መጋቢት 25

ለወንድሜ ለቀጮ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ገብተህ ይሆናል። ዝም በማለቴ አፈር ልብላ። ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም። ተቀይሜ ነው። እንዲያው እውነቱን ልንገርህ፣ «ከወጣት ነው የምንወስደው» የሚለው ቃል አንጀቴን ቆረጠው። አርጅተሻል፣ አትጠቅሚም የተባልኩ መሰለኝ። ወንድሟ እየታመመ የምትኮራ አሮጊት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ።

ከዚያ እልህ ያዘኝ። ለእሱ ካልሆነ ለማንም ይሁን ብዬ ባለፈው ማክሰኞ ደም ባንክ ሄድኩ። ግፊቴን ለኩና «ጣሪያ ነክቷል፣ ዛሬ አይሆንም» አሉኝ። ተናድጄ ልወጣ ስል ከመጋረጃው ጀርባ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ባለ ዝግጁውን! እጅጌውን ጠቅልሎ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ጎማው ክንዱ ላይ፣ ከረጢቱ እየሞላ።

እሱም ደነገጠ። የሠረቀ ሰው ይመስል «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ካርዱን አየሁት፤ ማኅተም በማኅተም ሆኗል። በየሦስት ወሩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት! ፊት ለፊቴ ሲኖር አንድ ቀን አላወቅኩም።

«ለማን ነው የምትሰጠው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ። ለመጣው» አለኝ።

«ማን እንደሆነ ሳታውቅ? ልኩን ሳታውቅ?»

«እትዬ፣ ልኩንማ እዚህ ያሉት ያውቃሉ። የእኔ ሥራ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቀው ነው።»

ቀጮ፣ ባለህበት ይቅር በለኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በካውያ እንፋሎት አላሳበብኩም። ዝግጁ ልብስን ስሰድብ ኖሬ፣ የሚሸምተው ሰው ብርድ ላይ ስለቆመ ልኩ እስኪሰፋ መጠበቅ እንደማይችል አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አንተም ብርድ ላይ ነህ። ለዚያ ለማላውቀው ወጣት እግዚአብሔር ሺ ዓመት ያኑርልን አልኩ። ሰውዬው ደሙን ሰጥቶ ሲጨርስ ብስኩት አምጥተው ሰጡት፤ ግማሹን ለእኔ ቆረሰልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንነቋቆር ወደ ሰፈር አብረን ተመለስን።

ዛሬ ጠዋት መቀሴን አነሣሁ። ሰውነቱን ቆርጫለሁ፣ እጅጌውን ቆርጫለሁ። ኮሌታውን ግን አልቆረጥኩም። በ43 አልቆርጥም። ያ ልክ ያንተ አይደለም፣ የበሽታው ነው። ስትድን ትለካና ትልክልኛለህ።

ምርቃት ጠይቀህ ነበር። ይኸው፦ ለገባብህ ሴል ገላህ ቤቱ ይሁን፤ የሰጠህ ሰው እጁ አይንጠፍ፤ አንተንም ሞት ይርሳህ።

እህትህ

*

ሚያዝያ 19

ለእታለሜ፣

ከትናንት በስቲያ ወጣሁ። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል፣ ጽሑፌን ይቅር በዪው።

ሴሎቹ የመጡት መጋቢት 28 ነው። አንድ ሰው የሚጨስ በርሜል እየገፋ ገባ፣ ጭሱ የብርድ ጭስ ነው። ከውስጡ ያወጣው ከረጢት ከመዳፌ አይበልጥም። ነርሷ አሟሟችው፣ ሰቀለችው፣ ሰባት ደቂቃ ፈሰሰ፣ አለቀ። አንድ የሊፍት በር ማስተካከል እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጃል! አፌን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አለኝ፤ ሴሎቹ በረዶውን እንዲችሉ ከሚጨመረው መድኃኒት ነው አሉ። «ይኸው ነው?» አልኳት። «ይኸው ነው» አለች። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምነግርሽ ከሰው ሰምቼ ነው። ብሎን በየቀኑ ይመጣ ነበር። የሦስተኛው ሊፍት ገመድ ሲያቃስት ሰምቼ «ቅባት ጎድሎታል» እያልኩ እጮህ ነበር አሉ። ነርሷ እየቃዠሁ መስሏት ለዶክተሯ ነገረቻት። ብሎን ወጥቶ አየውና እውነትም ቅባት ጎድሎታል። «ጭንቅላቱ ጤነኛ ነው፣ ሊፍቱ ነው የታመመው» አላቸው።

በየጠዋቱ የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች ነርሷን ለምኜ ወስጄልሻለሁ፤ ከዚህ ጋር ናቸው። ሚያዝያ 4ን አየሽው? ፊደሉ ከመስመሩ እየወደቀ ነው። ሚያዝያ 5 «እታለም» ብቻ ነው። ሚያዝያ 6 ባዶ ነው። ወረቀቱን ሰጥተውኝ እስክሪብቶውን ስመለከተው ቆየሁ አሉ፤ ምን እንደሚደረግበት አላወቅኩም። መድኃኒት ሰጡኝ። ሚያዝያ 7 ተመለስኩ። ያን ዕለት ነርሷ ደብዳቤሽን ይዛልኝ ገባች።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ዓረፍተ ነገሬ እውነት መሆኑን አላውቅም ነበር። መጋቢት 25 መቀስሽን ካነሣሽ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነት ስጽፍ ነበር ማለት ነው። እግርሽ ሥር ወድቄ ብስም ደስ ይለኛል። ባለ ዝግጁውንም ሰላም በይልኝ።

ቀጮ

*

ግንቦት 5

ለወንድሜ፣

ወረቀቶቹን በቀን በቀናቸው ደርድሬ በልክ ደብተሬ ውስጥ፣ በገጽህ ላይ በክር ሰፋኋቸው። ባዶዋንም አብሬ። እሷን ስሰፋ መርፌው ወጋኝ፣ ጥግዋ ላይ ጠብታ ደም አለች። ደሜን አልፈልግም ብለህ እምቢ ብትልም ይኸው በግድ ሰጥቼሃለሁ።

ሸሚዙ አልቋል፤ የቀረው ኮሌታው ነው። ሰው ሁሉ «ይህ አንገት የሌለው ሸሚዝ የማን ነው?» ይለኛል። የወንድሜ ነው፣ አንገቱ በመንገድ ላይ ነው እላለሁ።

ከእንግዲህ ሌላ ነገር አልጠይቅህም። የአንገትህ ልክ ስንት ሆነ? እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ሰኔ 10

ቀጮ፣

ጤናህ እንዴት ነው? አንድ ቁጥር ለመጻፍ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ልማድህን አውቃለሁ። ዝም ስትል ልቤ የት እንደሚሄድ አንተም ታውቃለህ።

ባለ ዝግጁው በየጠዋቱ ሱቁን ሳይከፍት መጥቶ «መጣ ወይ?» ይለኛል። «አልመጣም» ስለው አንድ ነገር ይጠግናል። የበሩን መቀርቀሪያ ጠገነልኝ። የወንበሬን እግር ጠገነልኝ። አሁን የሚጠገን ነገር እያለቀብን ነው።

ክፉም ቢሆን ጻፍ። 43ም ቢሆን ጻፍ። ኮሌታውን በዚያው እቆርጠዋለሁ፣ አልጮህብህም።

እህትህ

*

ሐምሌ 3

ለእናቴም ለእህቴም ለሆንሽው እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ቃል ስጽፍ እንደ ታኅሣሡ አይደለም። አሁን በልኩ ነው።

ዝምታዬን ላስረዳሽ። በመጀመሪያው ወር አዩኝና ዕጢው አይታይም አሉ። በዚያው ቀን ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ከዚያ ያለፈው ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜም በመጀመሪያው ወር አይታይም ብለውኝ በሦስተኛው ነው የተመለሰው። አንቺን አስደስቼ መልሼ ልቀማሽ አልቻልኩም። ሦስተኛው ወር እስኪሞላ በየቀኑ መስተዋት ፊት ቆሜ አንገቴን ስዳስስ ከረምኩ። መደበቅ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ልዩነቱ ይገባሻል ብዬ ነው።

ትናንት ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ «አሁንም አይታይም» አለችኝ። «ድነሃል በዪኝ» አልኳት። «አይታይም ነው የምልህ። በየጊዜው እናይሃለን። ግን ዛሬ ሄደህ ደስ ይበልህ» አለች። ቃሏን አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም። እኔም ወጥቼ ደስ አለኝ። ብሎን ግን አሁን ሻይ አልጋበዘም፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ለሰጠኝ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል ብለውኝ ነበር። ስም አይጻፍም፣ አገር አይጻፍም፣ እነሱ ያደርሱታል። ውጤቱን ስጠብቅ አራት ቀን ተቀመጥኩበት። ምን ይባላል? ትናንት ማታ ይህን ጻፍኩ፦ «ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ሰኞ ሥራ እገባለሁ። እህቴ ሸሚዝ ሰፍታልኛለች። ይህን እንድታውቀው ብዬ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» በቂ ነው ትያለሽ? ለአንድ ሰው ሕይወት አምስት መስመር! ግን ሌላ የምለው ሁሉ አነሰብኝ። አሁን ሊፍት ውስጥ አንድ ወጣት ሲገባ ባየሁ ቁጥር ይህ ቢሆንስ እላለሁ። በሩን ትንሽ አቆይለታለሁ።

ልኬን ብሎን ወስዷል። ምስክር እንዲሆን ነርሷ ፊት ነው የለካኝ። አንገት 38፣ ደረት 92፣ ወገብ 77፣ እጅጌ 62።

ወንድምሽ

*

ሐምሌ 21

ለወንድሜ ለቀጮዬ፣

ሰላሳ ስምንት! ሰላሳ ስምንት! መንገዱን ተሻግሬ ወረቀቱን ባለ ዝግጁው ፊት ሳውለበልብ መኪና ሊገጨኝ ነበር። «መጣ!» አልኩት። ሱቁን እንዳለ ክፍት ትቶ ከእኔ ጋር መጣና ኮሌታውን ስቆርጥ ቆሞ አየ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን። ሌላ ቃል ያለኝ እንዳይመስልህ። አይታይም የሚለውም ይበቃኛል፤ እስከ ዛሬ የማይታየው አምላክ አይደል የጠበቀህ?

አምስት መስመሩ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ብትጽፍ ሰውዬው ያፍራል። እንዴት አወቅሽ በለኝ። እኔም ለጋሽህን ላመሰግን ፈልጌ ነበር፤ ሸሚዝ ልስፋለት አልኩ። ማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለ፣ ልኩን የሚያውቅ የለ። ከሰማያዊው ጨርቅ ደግሞ አንድ ሸሚዝ የሚወጣው ተርፎኛል። ያን ጊዜ በእሱ ፋንታ ይሁን ብዬ ሜትሬን ከአንገቴ አወጣሁና ባለ ዝግጁውን «ና ቁም» አልኩት።

«ለምን?»

«ልክህን ልወስድ።»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ልብስ የምሸጥ ሰውዬ፣ ሱቅ ሙሉ አለኝ!»

«ቁም ብዬሃለሁ።»

ቆመ። ቀጮ፣ ይህ ሰው ሰላሳ ዓመት ልብስ ሲሸጥ አንድ ቀን ተለክቶ አያውቅም! ሜትሩ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹን ያዘ። አንገት 41። አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል እጁን ሲሰጥ ነው አልኩት፣ ሣቀብኝ። ሰፍቼለት ሲለብሰው መስተዋቱ ፊት ጀርባውን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። የካውያ እንፋሎት ነው አለኝ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲባል በአፌ እል ነበር እንጂ እንዲህ በሜትር ለክቼው አላውቅም።

ያንተ ሸሚዝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ብሎን 38 ብሏል፣ እኔ ግን 39 አድርጌዋለሁ። አልተሳሳትኩም። ትወፍራለህ ብዬ ነው።

ዘንድሮ የምፈልገው ነገር አለ፤ መርፌ አይደለም። ሸሚዙን ልበስ። የላይኛውን ቁልፍ ቆልፍ። ከዚያ ፎቶ ተነሥተህ ላክልኝ።

እህትህ